ብርሃኑ አንድ፣ ፈላጊው ሁለት፦ መስታወታቸው የማይነሳ የፊልም ካሜራዎች

በሌንስ በኩል ካሜራ ውስጥ የሚገባው ብርሃን አንድ ነው። ፈላጊዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ፎቶ አንሺው ምን እንደሚያነሳ ለማየት ይፈልገዋል። ፊልሙ ደግሞ ምስሉን ለመያዝ ይፈልገዋል። ፊልም ትዕግሥት የለውም። ጊዜው ሳይደርስ ብርሃን ካገኘው ተቃጠለ ማለት ነው፤ መልሶ ማዳን የለም።

የካሜራ ዓይነቶች በዋናነት የሚለያዩት ይህን ክርክር በሚፈቱበት መንገድ ነው። አንዱ ለዓይን የራሱን መስኮት ይሰጠዋል። ሌላው ለዓይን የራሱን ሌንስ ይገጥምለታል። ሦስተኛው ዓይንንና ፊልምን በየተራ ያስተናግዳል። አራተኛው ብርሃኑን እዚያው በዚያው ለሁለት ይከፍለዋል። ዛሬ በተለይ የማወራው ስለ አራተኛው ነው። መስታወቱ የማይነሳ፣ የማይወርድ፣ በቦታው የተተከለ ካሜራ ነው። ብዙ ሰው ስለ መኖሩም አያውቅም። የሚያውቁትም "እሱማ ብርሃን ይበላል" ብለው ያልፉታል። እውነት ነው፣ ይበላል። በምላሹ ምን እንደሚሰጥ ግን እምብዛም አይወራም።

ከመጀመሬ በፊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በየተራ የሚያስተናግደው

በደንብ ከምናውቀው፣ ከኤስኤልአር እንነሳ፤ ዓይንም ፊልምም በአንድ ሌንስ የሚያዩበት ካሜራ ነው። ከሌንሱ ኋላ በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስታወት አለ። ብርሃኑ እሱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ያለ ደብዛዛ መስታወት ላይ ምስል ይሠራል። ከዚያ በፕሪዝም ዞሮ ዓይናችሁ ጋ ይደርሳል። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ይነሳል፣ ሻተሩ (ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው መጋረጃ) ይከፈታል፣ ፊልሙ ድርሻውን ያገኛል፣ ሻተሩ ይዘጋል፣ መስታወቱ ይመለሳል። ያ የሚያስደስተን "ቀጭ" የሚል ድምፅ አብዛኛው የሻተሩ አይደለም። የዚህ መስታወት ነው።

መጀመሪያ ላይ መስታወቱ ከተነሳ በኋላ በራሱ አይመለስም ነበር። በ1936 የወጣው የጀርመኑ ኪኔ ኤግዛክታ 35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጠቀም ኤስኤልአር ነው። አንድ ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ግን ቀጣዩን ፊልም እስክታዞሩ ድረስ መስኮቱ ጨለማ ነው። በ1949 ድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ ፕሪዝሙን አመጣ፤ በዚህም ምስሉ በዓይን ደረጃና ሳይገለበጥ ታየ። በ1954 የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ 2ቢ መስታወቱ ወዲያው ተመልሶ እንዲወርድ አደረገ። በ1959 ኒከን ኤፍ ይህን ሁሉ አጠቃሎ ለባለሙያው አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል "ካሜራ" ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ይህ ቅርጽ ነው።

ዘዴው ጥሩ ነው። ሁለቱም ተራቸው ሲደርስ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ። ሌንስ ብትቀይሩ የምታዩት ሌንሱ የሚያየውን ነው። ቅርብ ብታነሱ፣ ሩቅ ብታነሱ አይዛባም። ችግሩ ተራ መጠበቁ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት እናንተ አታዩም። ፊልሙ ሲያይ ዓይናችሁ ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ በኤስኤልአር መስኮት ያያችሁት ፈገግታ ፊልሙ ላይ ያለው ፈገግታ አይደለም። ፊልሙ ላይ ያለው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የመጣው ነው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን አይሁን የምታውቁት ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። ከዲጂታል ጋር ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይገባውም።

ሁለተኛ፣ መዘግየቱ አለ። ቁልፉን ከተጫናችሁበት እስከ ሻተሩ መከፈት ድረስ መስታወቱ ተነስቶ መርጋት አለበት። ይህ በብዙዎቹ ኤስኤልአሮች ላይ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ያላነሰ ይወስዳል። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ግን በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ የአጭር ርቀት ሯጭ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። ደረቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ከተጫናችሁ፣ ፎቶው ላይ መስመሩ ከኋላው ነው። (የእኛ ጣት ከካሜራው የባሰ ዘገምተኛ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ባለሙያ ግን ይህን በልምድ ቀድሞ ያሰላዋል። የካሜራውን መዘግየትም እላዩ ላይ መጨመር አለበት።)

ሦስተኛው ንቅናቄው ነው። መስታወቱ ሲነሳ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። በ1/500 ሰከንድ ስታነሱ አይታወቅም። በ1/15 አካባቢ ግን፣ በተለይ ካሜራው ትሪፖድ ላይ ሆኖ ረጅም ሌንስ ከተገጠመለት፣ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ለዚህ ነው ጥሩ ጥሩዎቹ ኤስኤልአሮች መስታወቱን ቀድሞ አንስቶ የሚይዝ ማንሻ ያላቸው። መስታወቱን ካነሳችሁት ደግሞ ምንም አታዩም። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

የራሳቸው መስኮት ያላቸው

ሬንጅፋይንደር ክርክሩን የሚፈታው ሁለቱን ባላጋራዎች በማለያየት ነው። የዚህ ዓይነት ካሜራ ዋና ምሳሌ ላይካ ነው፤ በተለይ በ1954 የወጣው ኤም3። ሌንሱ ለፊልሙ ብቻ ይሠራል። እናንተ ከላይ በኩል ባለች የራሳችሁ ትንሽ መስኮት ትመለከታላችሁ። ፎከስ የምታደርጉት መስኮቷ ውስጥ ያሉ ሁለት ምስሎችን አንድ ላይ በማጋጠም ነው። የሚነሳ መስታወት ስለሌለ ጨለማ የለም፣ ንቅናቄ የለም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ከፍሬሙ ውጭ ያለውንም ስለምታዩ፣ ሰው ወደ ፍሬሙ ሊገባ ሲል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን መስኮቷ ሌንሱ የሚያየውን አታይም። ቅርብ ስትሄዱ የሁለቱ እይታ ይለያያል። 200 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገጥሙ መስኮቷ ውስጥ የሚታየው ፍሬም ኢምንት ይሆናል፤ ፎከሱም ያን ያህል አይጠነቅቅም። በተግባር ከ135 ሚሊሜትር በላይ መሄድ ጣጣ ነው። የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ሙሉ ፊልም መጨረስ ደግሞ የዚህ ካሜራ ተጠቃሚዎች የታወቀ መቅሰፍት ነው። መስኮቷ ክዳኑን አታየውማ።

ሁለት ሌንስ ያለው ካሜራ፣ ለምሳሌ በ1929 ጀርመን የወጣው ሮላይፍሌክስ፣ ሌላ መንገድ ነው። የታችኛው ሌንስ ለፊልም፣ የላይኛው ለዓይን ነው። አስተውሉ፣ እዚህም ከላይኛው ሌንስ ኋላ በ45 ዲግሪ የተተከለ፣ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ መስታወት አለ። እሱ ግን ማንንም አያካፍልም። ሙሉ መስታወት ነው፤ የደረሰውን ብርሃን ሁሉ ወደ ላይ ይልካል። ዋጋው ሁለት ሌንስ መሸከም፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ማየት፣ ቅርብ ስትሆኑ ደግሞ የሰው ግንባር መቁረጥ ነው።

ሲሶውን የሚያነሳው መስታወት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በኤስኤልአሩ ቦታ፣ ያው በ45 ዲግሪ፣ ሙሉ መስታወት ሳይሆን ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ መስታወት እንትከል። ከገባው ብርሃን ሁለት ሦስተኛው ገደማ በመስታወቱ አልፎ ወደ ፊልሙ ይሄዳል። አንድ ሦስተኛው ገደማ ነጥሮ ወደ ዓይን ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያያሉ። መስታወቱ የሚነሳበት ምክንያት የለም።

ነገሩ እንደ ድሮ ባላባት ነው። ሲሶውን ሁልጊዜ ያነሳል። ዝናብ ጠፍቶ ምርት ባነሰበት ዓመትም ሲሶው አይቀርም። ቀትር ላይ ብርሃን ሞልቶ በተረፈበት ጊዜ ድርሻውን ቢወስድ ማንም አይሰማውም። አመሻሽ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ሻማ ብቻ በበራበትም ያንኑ ያነሳል። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ሆኖ ማንም ባያይበትም እንኳ ያነሳል።

ይህን ሐሳብ 35 ሚሊሜትር ኤስኤልአር ላይ መጀመሪያ ያመጣው ካነን ነው፤ በ1965፣ ፔሊክስ በተባለው ካሜራ። ብርሃን የሚከፍል ስስ መስታወት ግን ከዚያ በፊትም ነበር። በ1930ዎቹ አንድን ትዕይንት በአንድ ጊዜ በሦስት ቀለም ለይተው የሚያነሱ ትላልቅ ካሜራዎች ይጠቀሙበት ነበር።

ለምን ስስ? ተራ መስታወትን በስሱ ቀብቶ መትከል አይበቃም ወይ? አይበቃም። ተራ መስታወት ፊትና ጀርባ አለው። ሁለቱም ገጾች ያንጸባርቃሉ፤ ስለዚህ በመስኮቱ ሁለት የተደራረቡ ምስሎች ታያላችሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወደ ፊልሙ የሚያልፈው ብርሃን ነው። ያጋደለ ወፍራም መስታወት ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ከመስመሩ ይወጣል፤ የምስሉም ጥራት ይበላሻል። ስለዚህ ፊትና ጀርባው አንድ እስኪመስሉ ድረስ መሳሳት አለበት። የፔሊክስ መስታወት እንዲያውም መስታወት አይደለም። ውፍረቱ 0.02 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከራስ ፀጉር የቀጠነ፣ ክፈፍ ላይ የተወጠረ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ላዩ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስስ ቅብ አለው።

ካነን በ1965 ለዚህ ሁሉ የደከመው ለፍጥነት አይመስለኝም። ፔሊክስ ፊልሙን የሚያዞረው በእጅ ነው፤ ሞተር የለውም። በዚያ ጊዜ ሁሉም የሚሯሯጠው ብርሃንን በሌንሱ በኩል ለመለካት ነበር። ቶፕኮን በ1963፣ ፔንታክስ ስፖትማቲክ በ1964 ቀድመው ገበያ ገብተዋል። በፔሊክስ ላይ ካነን ያደረገው ነገር ብልህ ነው። ማንሻውን ስትገፉ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ልክ ፊልሙ ፊት ትንሽ ክንድ ትነሳለች። ጫፏ ላይ የብርሃን መለኪያው አለ። የምትለካው መስታወቱ ሲሶውን ካነሳ በኋላ ለፊልሙ የሚደርሰውን ነው። ስለዚህ ሂሳብ ማስተካከል አያስፈልግም።

የማይነሳ መስታወት ሌሎች ለውጦችንም አስከተለ። በተራ ኤስኤልአር መስታወቱ ሲወርድ ሻተሩን ከብርሃን ይጋርደዋል። ፔሊክስ ላይ ግን ብርሃኑ ሁልጊዜ ሻተሩ ላይ ያርፋል። ሌንሱ ወደ ፀሐይ ከዞረ የጨርቅ መጋረጃ ሊበሳ ይችላል። ላይካዎችም ይህ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ካነን መጋረጃውን ከብረት ሠራው። ሌላም አለ። ዓይናችሁ መስኮቱ ላይ ከሌለ፣ በመስኮቱ የሚገባ ብርሃን ወደ ታች ወርዶ ያንን ስስ መስታወት አልፎ ካሜራው ውስጥ ይንሸራሸራል። ስለዚህ የዓይን መስኮቱን የሚዘጋ መክደኛ ተገጠመለት። መስታወቱ የማይወዛወዝ መሆኑ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አስገኘ፤ 38 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለፔሊክስ ብቻ የተሠራ ጠፍጣፋ ሌንስ። ኋላው ወደ ውስጥ ገባ ይላል። የሚመታው መስታወት ስለሌለ ችግር የለም።

ግን እንነጋገር፤ ፔሊክስ ገበያ ላይ አልተሳካለትም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ጥቅሙን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጉዳቱን ግን ሁሉም በየቀኑ ያየዋል፣ ቃል በቃል። ለዓይን የቀረው ሲሶ ብቻ ስለሆነ መስኮቱ ይጨልማል። ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ በመስኮቱ ሲታይ ኤፍ 2.4 የተገጠመ ያህል ነው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ኤፍ 3.5 ብትገጥሙ ኤፍ 6 አካባቢ ይሆንባችኋል፤ ቤት ውስጥ ፎከስ ማድረግ ፈተና ነው። በ1966 ካነን ራሱ ኤፍቲ ኪውኤል የተባለ ካሜራ አወጣ። መስታወቱ እንደማንኛውም የሚነሳ ሆኖ በሌንሱ በኩል ይለካል። ለፔሊክስ ከዚህ የከፋ ተፎካካሪ አልነበረም።

ሂሳቡ፣ ባጭሩ

ሲሶው የጠፋበት ፊልም ምን ያህል ይጎዳል? ፎቶ አንሺዎች ብርሃንን በስቶፕ ይቆጥራሉ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ግማሽ ወይም እጥፍ ነው። ከሲሶ ትንሽ በለጥ የሚል ብርሃን መቀነስ የአንድ ስቶፕ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። አይኤስኦው (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 የሆነ ፊልም እንደ 250 ይሆናል። 1/60 ይበቃ የነበረው ቦታ 1/40 ይፈልጋል። ይህ መከራ አይደለም፤ ግን ነፃም አይደለም። በዚያ ዘመን የቀለም ስላይድ ፊልም አይኤስኦ 25 ወይም 64 በነበረበት ጊዜ እያንዳንዷ ስቶፕ ትቆጠር ነበር።

በሌላ በኩል የሚገኘውን እዩ። መስታወቱ ስለማያንቀጠቅጥ በእጅ ይዛችሁ ከወትሮው ዝግ ባለ ፍጥነት ማንሳት ትችላላችሁ። የጠፋውን ብርሃን በከፊል በዚህ ታካክሱታላችሁ። ሙሉ በሙሉ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም። የሚያነሱት ነገር ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የእጃችሁ መርጋት አያድነውም።

ኦሊምፒክና ፍጥነት

የማይነሳ መስታወት እውነተኛ ቦታውን ያገኘው ስፖርት ሜዳ ላይ ነው። አስቡት፤ ካሜራው በሰከንድ 14 ፎቶ እንዲያነሳ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ፎቶ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አስራ አራተኛ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መስታወት ተነስቶ፣ ረግቶ፣ ሻተር ተከፍቶ ተዘግቶ፣ መስታወት ወርዶ፣ ረግቶ፣ ፊልም ዞሮ ቀጥ ማለት አለበት። የዚያን ዘመን መስታወት ይህን አይችልም። መስታወቱን ከዚህ ዝርዝር ሰርዙት፣ የቀረው ሻተርና ፊልም ብቻ ነው።

ካነን በ1972 ለሙኒክ ኦሊምፒክ ኤፍ-1 የተባለውን የባለሙያ ካሜራ ልዩ አድርጎ ሠራው። መስታወቱ የተተከለ ነው፤ በሰከንድ 9 ፎቶ ያነሳል። ሙኒክ ለእኛ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኙበት ነው። በ1984 ለሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ደግሞ የአዲሱ ኤፍ-1 ልዩ ሥሪት በሰከንድ 14 ደረሰ። (ያኔ ኢትዮጵያ አልሄደችም።) ኒከንም አልተቀመጠም። ኤፍ2ኤች በሰከንድ 10፣ ኤፍ3ኤች በሰከንድ 13 ፎቶ ያነሱ ነበር። እነዚህ ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው ካሜራዎች አይደሉም። በጥቂቱ ተሠርተው ለባለሙያዎች የሄዱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ያስቃል። ተራ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው የሚይዘው። በሰከንድ 14 ካነሳችሁ ፊልሙ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። የመቶ ሜትር ውድድር ግማሹ እንኳ አይደለም። ስለዚህ ፍጥነቱ ቁልፉን ዝም ብሎ ለመጫን አልነበረም። መቼ እንደሚጫን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለኔ የዚህ ሐሳብ ምርጥ ፍሬ በሰከንድ ስንት የሚለው አይደለም። በ1989 ካነን ኢኦኤስ አርቲ የተባለ አውቶፎከስ ካሜራ አወጣ። በሰከንድ የሚያነሳው ፎቶ ከእኩዮቹ የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ መዘግየቱ ላይ ነው። ለዚህ በተዘጋጀው ሁነታ ላይ ሲሆን ከቁልፍ እስከ ሻተር 0.008 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ቅድም ያልኳችሁ ሯጭ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 8 ሳንቲሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር አይደለም። በ1995 የመጣው ኢኦኤስ-1ኤን አርኤስ ይህን ወደ 0.006 አወረደው፣ በሰከንድ 10 ፎቶም ጨመረበት። ሁለቱም ላይ 65 በመቶው ለፊልም፣ 35 በመቶው ለዓይን ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመው ግን ስትጠቀሙበት የሚታየው ነው። ፎቶው ሲነሳ መስኮቱ አይጨልምም። ሌንሱ ወደመረጣችሁት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ሲጠብ ለአፍታ ደብዘዝ ይላል፣ በቃ። ፍላሹ ሲበራ ታዩታላችሁ። ሰውየው ዓይኑን ከጨፈነ ያኔውኑ ታውቃላችሁ፤ "አንዴ ልድገመው" ትላላችሁ። የሠርግ ፎቶ በፊልም ላነሳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም።

ታዲያ ለምን ጠፋ? የሚነሳው መስታወት ስለበረታ ነው። በ2000 የወጣው የካነን ኢኦኤስ-1ቪ መስታወቱን እያነሳና እያወረደ በሰከንድ 10 ደረሰ፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለው መስታወት የሚኮራበት ቁጥር ነበር። በ2020 ደግሞ ዲጂታሉ 1ዲኤክስ ማርክ 3 በሚነሳ መስታወት በሰከንድ 16 አነሳ። የ1972 መሐንዲሶች ይህን ቢያዩ አያምኑም ነበር። ፍጥነቱ በሌላ መንገድ ከተገኘ፣ ሲሶ ብርሃን መክፈል ማን ይፈልጋል?

ፊልም ቀረ፣ ክርክሩም ቀረ

የሲኒማ ሰዎች ይህን ጉዳይ ቀድመው ነው የጨረሱት። በሰከንድ 24 ጊዜ የሚጨልም መስኮት ማንም አይፈልግም። በ1937 የወጣው አሪፍሌክስ 35 ሻተሩን ራሱን መስታወት አደረገው፤ እየተሽከረከረ፣ ፊልሙ ወደሚቀጥለው ፍሬም በሚሄድበት ጊዜ ብርሃኑን ወደ ዓይን ይልካል። ያኔ ፊልሙ ብርሃን አይፈልግም፤ ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም። የስዊዘርላንዱ ቦሌክስ በ1950ዎቹ የመረጠው ግን የተተከለ ፕሪዝም ነው። ከብርሃኑ ሩብ ያህሉን ለዓይን ያነሳል። ፕሪዝሙ ደግሞ ወፍራም ብርጭቆ ስለሆነ ለእሱ የተስተካከሉ ሌንሶች ይፈልጋል። ቅድም ስለ ውፍረት ያልኩት እዚህ ላይ በተግባር ይታያል።

ዲጂታል ሲመጣ ነገሩ ከሥሩ ተቀየረ። ፊልም የደረሰውን ብርሃን ለማንም አይናገርም። እስኪታጠብ ድረስ ዝም ነው። ሴንሰር ግን ምስሉን ይይዛል፣ በዚያው ቅጽበት ምን እንደያዘም ይናገራል። ዓይን የራሱ ድርሻ አያስፈልገውም። ሚረርለስ የሚባለው ካሜራ ይኸው ነው። ብርሃኑ በሙሉ ለሴንሰሩ ይሄዳል፤ እናንተ የምታዩት በትንሽ ስክሪን የተነገረውን ነው። ሌንሱም ወደ ኋላ መቅረብ ቻለ። የካነን ኢኤፍ ሌንስ መቀመጫ ከፊልሙ 44 ሚሊሜትር ይርቅ ነበር፤ የአዲሱ አርኤፍ 20 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የተተከለ መስታወት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ባይነሳም ቦታ ይይዛላ።

በመካከል ሶኒ አንድ ጊዜ የተተከለውን መስታወት ከመቃብር አውጥቶት ነበር። በ2010 ኤ33 እና ኤ55 የተባሉ ካሜራዎች አወጣ። መስታወቱ ብርሃን የሚልከው ወደ ዓይን ሳይሆን ወደ አውቶፎከስ መሣሪያው ነው። ዓይን የሚያየው ስክሪን ነው። ኤ55 በሰከንድ 10 ፎቶ፣ ያለማቋረጥ ፎከስ እያደረገ ያነሳ ነበር። ያኔ በዚያ ዋጋ ይህን የሚያደርግ ማግኘት ከባድ ነበር። ከዚያ አውቶፎከሱ ራሱ ሴንሰሩ ላይ ተሠራና መስታወቱ ሥራ ፈታ። የመጨረሻው ኤ99 ማርክ 2 በ2016 ወጣ፤ በ2021 ሶኒ መስመሩን ዘጋው።

ሁለተኛ እጅ ለምትገዙ

ፊልም ማንሳት እንደገና የጀመረ ወጣት በዝቷል። ውጭ ያሉ ዘመዶች ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየገዙ ይልካሉ። ከእነዚህ ካሜራዎች አንዱ እጃችሁ ሊገባ ይችላል።

ፔሊክስ ከሆነ ሌንሱን ፍቱና መስታወቱን በብርሃን አጋድላችሁ እዩት። የጣት አሻራ፣ መጨማደድ፣ ደመና የመሰለ ነገር ካለው ተዉት። ተቀያሪ መስታወት አይገኝም። የአቧራ ቅንጣት ካለ አትደንግጡ። ከፊልሙ ስለሚርቅ ነጥብ ሆኖ ፎቶው ላይ አይወጣም። ቆሻሻው ሲበዛ ግን ምስሉን ያጠወልገዋል። በጨርቅ፣ በጥጥ፣ በአልኮል፣ በምንም አትንኩት። በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ማናፈሻ ብቻ፣ እሱም ራቅ ተደርጎ። የታመቀ አየር ያለበትን ጣሳ አታስቡት፤ ይቀደዳል። ባትሪውም ጣጣ አለው። ካሜራው የተሠራው ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ እሱ ከገበያ ወጥቷል። የዛሬዎቹ ተመሳሳዮች ቮልቴጃቸው ከፍ ስለሚል መለኪያውን ያሳስቱታል።

የእጅ መለኪያ ወይም የስልክ አፕ ከተጠቀማችሁ ሲሶውን አትርሱ። መለኪያው ስለ መስታወቱ አያውቅም። ፊልሙ 400 ከሆነ መለኪያውን 250 ላይ አድርጉት።

ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ግን እኔ ከፔሊክስ ይልቅ ኢኦኤስ አርቲን እመርጣለሁ። የካነን ኢኤፍ ሌንሶች ይገቡበታል፤ 2ሲአር5 የሚባለው ባትሪ ዛሬም ይሸጣል፤ መለኪያው የራሱን መስታወት ድርሻ ቆጥሮ ነው የሚሠራው። ኤፍ 1.8 የሆነው ርካሹ 50 ሚሊሜትር ሌንስ መስኮቱን በበቂ ያበራዋል። የዙም ሌንስ ከገጠማችሁበት ግን፣ በተለይ ኤፍ 5.6 ላይ የሚደርሱትን፣ ቤት ውስጥ የምታዩት ጥላ ብቻ ነው።